የአያትን ነጠላ የሚመስል ክር እንዴት ይገኛል?

ለገና ላሊበላ የወረደ ሰው ከቤተ ማርያም ዙሪያ ከሚቆመው ነጭ ለባሽ መካከል አልፎ አልፎ ለየት ያለ ነጠላ ያያል። ያረጀ ነው፤ ቀለሙ ወደ ቅቤ ያደላል፤ ትከሻ ላይ ተኝቶ ከሰውነት ጋር ይወርዳል እንጂ ቆሞ አይቀርም። የለበሰችውን ቢጠይቋት «የእናቴ ነው» ወይም «የአያቴ ነው» ትላለች።

እንዲህ ያለ ነጠላ በአዲስ መልክ ለማሠራት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ጥሩ ሸማኔ ያፈላልጋሉ፤ ጥለቱን ከአሮጌው ላይ ያስገለብጣሉ፤ ዋጋም አይሰስቱም። ሥራው ሲያልቅ ግን ልብሱ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይከብዳል፣ ይደርቃል፣ ገላ ላይ አይወድቅም። ወቀሳው ለሸማኔው ይተርፋል። ሸማኔው ግን የቀረበለትን ክር ነው የሸመነው። የአሮጌው ነጠላ ውበት ከሸማኔው በፊት በፈታይዋ እጅ የተሠራ ስለሆነ ፍለጋው ከክሩ መጀመር አለበት። ክር እንዴት እንደሚሠራ፣ ከአሮጌ ልብስ ላይ እንዴት እንደሚነበብ፣ እንዴት እንደሚታዘዝና ለምን እየጠፋ እንደሄደ በቅደም ተከተል እንየው።

ጥጡ ከቆላ፣ እጁ ከደጋ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ጥጥ ውርጭ አይችልም፤ ረጅም የሙቀት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በአገራችን በብዛት የሚለማው እንደ አዋሽ ሸለቆ፣ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላ ቦታዎች ነው። ላሊበላ የምትገኝበት የላስታ ደጋ የራሱ የሆነው የልብስ ጥሬ ዕቃ የበግ ፀጉር ነው፤ ባና እና ዝተት የሚሠሩት ከእሱ ነው። ጥጥ ግን ወደ ደጋው የሚወጣው በንግድ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥጥ ለአካባቢው ታሪክ እንግዳ ነው ማለት አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ ሠራዊቱ ካጠፋው የጠላት ንብረት መካከል ጥጥ ተጠቅሷል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በአድዋ የሚሸመነው ወፈር ያለ የጥጥ ሸማ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደነበር ጽፏል። ሸማ እንደ ገንዘብ በሚቆጠርበት አገር ክር የየቤቱ ጉዳይ ነበር። በሰሜኑ ደጋ መፍተል የሴቶች ሙያ ሆኖ ኖሯል። ሽመናው የወንዶች ነበር፤ በብዙ ቦታም ሙያውን የያዙት ሙስሊም ሸማኔዎች ነበሩ። ክርስቲያኗ የፈተለችውን ሙስሊሙ ሸምኖት ለቤተ ክርስቲያን መለበሱ በወሎ ማንንም አያስገርምም።

ከፍሬ ጥጥ እስከ ልቃቂት

ቀጭን ክር የሚጀመረው እንዝርት ከመያዙ በፊት ነው። ፍሬ ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና ቀጭን የብረት ዘንግ ሲንከባለልበት ፍሬው ከፀጉሩ እየተገፋ ይወጣል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ግን ፀጉሩን አይሰብረውም። ባለ ጥርስ የፋብሪካ መዳመጫ ፀጉሩን ከፍሬው ላይ እየነጠቀ ስለሚያወጣ ከፊሉን ይበጥሰዋል። በብዛት የሚለማው የጥጥ ዓይነት ፀጉር ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲጎድል ወፍራም ክር ብዙም አይጎዳም፤ ቀጭኑ ግን ወዲያው ይታወቅበታል።

የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት እየተመታ ሲንቀጠቀጥ የተድቦለቦለው ጥጥ ይፍታታል፤ ቅጠሉና አቧራው ይረግፋል። የሚገኘው ለስላሳ ጥጥ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። እዚህ ላይ የተቸኮለ እንደሆነ ክሩ ላይ ጓል ይወጣል፤ በኋላ በምንም ብልሃት አይስተካከልም።

ከዚያ እንዝርቱ ይነሣል። ፈታይዋ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ በሌላው እጇ አመልማሎውን እየሳበች ታሳሳዋለች። መሳሳቡና መክረሩ በአንድ ቅጽበት መገጣጠም አለባቸው። ሳይሳሳ ከከረረ ወፍራምና ደረቅ ይሆናል፤ ሳይከርር ከሳሳ ይበጠሳል። ጣቶቿ ይህን የሚያደርጉት ዓይኗ ሳይከተላቸው ነው። የተፈተለው ክር እንዝርቱ ላይ ተጠምጥሞ ልቃቂት ይሆናል። ወጣ ገባ የሆነው ክርም አይጣልም፤ በሰም ተነክሮ ጧፍ ለመሆን ይበቃል።

ቀጭን ክር ለምን ያስቸግራል?

ክር ማለት አጫጭር የጥጥ ፀጉሮች ጫፍና ጫፋቸው እየተደራረበ፣ በመክረር ኃይል አንዱ ሌላውን አጥብቆ እንዲይዝ የተደረገ ነገር ነው። በመካከላቸው ሙጫ የለም። ክሩ ሲጎተት ጠመዝማዛው ፀጉሮቹን ወደ ውስጥ ያጠብቃቸዋል፤ የሚይዛቸውም ይኸው ሰበቃ ነው።

ክር ሲቀጥን የሚቀንሰው በውስጡ ያሉት ፀጉሮች ብዛት ነው። ከፋብሪካ 20 ቁጥር ተብሎ የሚወጣው ክር በየትም ቦታ ቢቆረጥ ቁርጡ ላይ 170 ያህል የጥጥ ፀጉሮች ይገኛሉ። በ60 ቁጥር ክር ውስጥ ወደ 60 ዝቅ ይላሉ። ከ170 ላይ 10 ፀጉር ቢጎድል ክሩ አይሰማውም። ከ60 ላይ 10 ሲጎድል ግን የሲሶው ግማሽ ያህል ጠፋ ማለት ነው፤ ክሩ እዚያው ይበጠሳል። ስለዚህ ቀጭን ክር ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠይቃል፦ ረጅም ፀጉር ያለው ጥጥ፣ በደንብ የተነደፈ ባዘቶ፣ በየስንዝሩ እኩል የሚስብ እጅ።

አየሩም ድርሻ አለው። ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ሲደርቅ ይሰባበራል። በላስታ በጋ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጦ ቀጭን ለመፍተል መሞከር ክር ማባከን ነው። ማለዳና ወደ ማታ፣ ወይም ክረምት ላይ ቤት ውስጥ የተፈተለ ክር ያነሰ ይበጠሳል።

ድርና ማግ አንድ ዓይነት ክር አይደሉም

በልብሱ ርዝመት የሚዘረጋው ድር፣ በአግድም የሚገባው ማግ ነው። ድር ሥቃይ አለበት፤ ተወጥሮ ይውላል፣ ማግ በገባ ቁጥር ይታሻል። ስለዚህ ጠንከርና ከረር ያለ መሆን አለበት። ሸማኔው ደግሞ ፀጉሩ እንዲተኛና ክሩ እንዲጠነክር ከዱቄት በተዘጋጀ ቀጭን ሙቅ ያጠነክረዋል። ማግ ግን አይወጠርም፤ ስለዚህ ላላ ብሎ ለስላሳ መሆን ይችላል።

የፋብሪካ ክር ወደ ሸማኔ ቤት በድሩ በኩል የገባው በዚህ ምክንያት ነው። በድሬዳዋ፣ በአቃቂ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በተቋቋመው በባሕር ዳር፣ በኋላም ለላስታ ቀረብ ባለው በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። እኩል የተፈተለ፣ የማይበጠስ፣ በፈለጉት መጠን የሚገዛ ድር ለሸማኔ ትልቅ እፎይታ ነው። ዛሬ ጥሩ የሚባለው ነጠላ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። በጣም አሮጌ ከሆኑት መካከል ግን ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል የሆነ አለ። ፍለጋው ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ የያዝነው አሮጌ ነጠላ ድሩ የማን ነው? የእጅ ከሆነ የምንፈልገው ሁለት ዓይነት ክር ነው፤ የፋብሪካ ከሆነ ልፋታችን በግማሽ ይቀንሳል።

አሮጌውን ነጠላ ማንበብ

ልብሱን መቁረጥ አያስፈልግም። ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ፣ ማስመሪያ፣ አጉሊ መነጽር ወይም የስልክ ካሜራ ይበቃል።

መጀመሪያ ይቁጠሩ። ወረቀት ላይ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይክፈቱና ልብሱ ላይ ያኑሩት። በስልክ ፎቶ አንሥተው ሲያሰፉት በቀዳዳው ውስጥ ስንት ድርና ስንት ማግ እንዳለ መቁጠር ይቻላል። በተለያዩ ቦታዎች ደጋግመው ይቁጠሩና አማካዩን ይጻፉ። ሸማኔው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ይህን ቁጥር ነው።

ቀጥሎ እኩልነቱን ይዩ። ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ የማይለዋወጥ ክር የፋብሪካ ነው። እዚህ ትንሽ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን የሚል የእጅ ፈትል ነው። የልብሱ ሕይወትም እዚህ ላይ ነው፤ ትንንሾቹ መለዋወጦች ብርሃኑን በየቦታው ለየት አድርገው ስለሚመልሱት ጨርቁ ጠፍጣፋ አይመስልም።

ከዚያ አከራረሩን ይመርምሩ። ክሩን ቀጥ አድርገው ይያዙትና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። በላዩ የሚታዩት መስመሮች ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የሚወጡ ከሆነ ባለሙያዎች የዜድ አከራረር ይሉታል፤ ከታች ቀኝ ወደ ላይ ግራ ከሆነ የኤስ ነው። በነጠላ የሚከርር የፋብሪካ ክር አብዛኛውን ጊዜ ዜድ ነው። የእጅ ፈትል እንደ ፈታይዋ ልማድ ወደ አንዱ ያዘነብላል። አሮጌው ማግ በአንድ አቅጣጫ ከርሮ አዲሱ በሌላው ከሆነ፣ ውፍረቱ ትክክል ቢሆንም የጨርቁ ገጽ ይለወጣል። የመስመሮቹንም ዝንባሌ ልብ ይበሉ፤ ወደ አግድም በተኛ ቁጥር ክሩ ይበልጥ የከረረ ነው።

በመጨረሻ ውፍረቱን ይለኩ። ከዘርፉ ወይም ከተተረተረ ዳር ላይ የላላ ክር ካለ ማስመሪያ ላይ ሳይጎትቱና ሳይደራርቡ ጎን ለጎን ይጠምጥሙት፤ 1 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት ስንት ዙር እንደወሰደ ይቁጠሩ። ሊገዙ ያሰቡትን ክርም በዚያው ማስመሪያ፣ በዚያው እጅ ይጠምጥሙ። የዙሩ ቁጥር ከተቀራረበ ውፍረቱ ተቀራርቧል። አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ ለብዙ ዓመት የታጠበ ክር ፀጉሩ እየረገፈ ስለሚሳሳ መጀመሪያ ሲፈተል ዛሬ ከሚታየው ጥቂት ይወፍር ነበር።

በቁጥር መነጋገር

የፋብሪካ ክር ሽፋን ላይ 20/1፣ 40/1፣ 40/2 የሚሉ ጽሑፎች አሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ቅጥነቱን፣ ሁለተኛው ስንት ክሮች አንድ ላይ እንደከረሩ ይናገራል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። ይህ ብዙ ሰው ያምታታል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ቁጥሩ የሚለካው በተወሰነ ክብደት ውስጥ ስንት ርዝመት እንደሚገኝ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ የጥጥ ልኬት 1 ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ያህል ክር 840 ያርድ፣ ማለትም 768 ሜትር ከወጣው 1 ቁጥር ይባላል። የዚህን 20 እጥፍ ርዝመት ከሰጠ 20 ቁጥር ነው።

ወደ ራሳችን መለኪያ ሲመለስ፦ የ20 ቁጥር ክር 100 ሜትር 3 ግራም ያህል ይመዝናል። የ40 ቁጥር 100 ሜትር 1 ግራም ተኩል፣ የ10 ቁጥር ደግሞ 6 ግራም ያህል ነው። የእጅ ፈትል ሽፋንም ቁጥርም ስለሌለው በዚህ ስሌት ቁጥር ልናወጣለት እንችላለን። 100 ሜትር ለክተው ወርቅ ቤት ያስመዝኑት፤ የወርቅ ሚዛን የግራምን መቶኛ ስለሚያሳይ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። 2 ግራም ከመዘነ 30 ቁጥር ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ ከከተማ ነጋዴ ጋርም ሆነ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር «ቀጭን ክር» በሚል ድፍን ቃል ፋንታ በቁጥር መነጋገር ይቻላል።

40/2 እና 20/1 ውፍረታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ሁለት ሆኖ የከረረው ክብና ጠንካራ ስለሆነ ለድር ይመቻል። ለማግ ከዋለ ግን ጨርቁ የእጅ ፈትሉን ልስላሴ ያጣል።

ገበያ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች

የመጀመሪያው የልብስ ስፌት ክር ነው። ቀጭን ስለሆነ ብቻ ለማግ የሚገዙት አሉ። የስፌት ክር መርፌ እንዲያሳልፈው ሆኖ በጣም የከረረና የለሰለሰ ነው፤ ብዙው ደግሞ ፖሊስተር ነው። ጥጡን ከፖሊስተር ለመለየት ትንሽ ክር ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር እንክብል ይሆናል። የበግ ፀጉርና ሐር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ። ሬዮን ግን እንደ ጥጥ ስለሚነድ በእሳት አይለይም፤ እሱን የሚያጋልጠው ውሃ ነው። ሬዮን ሲረጥብ ይደክማል፤ ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል። ሁለቱንም ዓይነት አርጥበው ይሳቧቸው፤ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል።

ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ ጥጥ ነው። የጥጥ ክር ተወጥሮ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲያልፍ ፀጉሩ ያብጥና ይቃናል፤ ከዚያ በኋላ ብርሃን ይመልሳል። ለጥለት ያማረ ነው። ለነጠላው አካል ግን የአሮጌውን ድንግዝግዝ ነጭነት ያጠፋል።

ሦስተኛው ነጭነቱ ራሱ ነው። ብዙ የፋብሪካ ክር ነጭ እንዲመስል ብርሃን የሚያጎላ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ይሆናል። የእጅ ፈትል በተፈጥሮው የቅቤ መልክ አለው። ነጋዴዎች የብር ኖት በሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት ስር ኬሚካል ያለበት ክር ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል። የልብስ ሳሙና ዱቄትም ይህንኑ ኬሚካል ስለሚይዝ አሮጌው ነጠላ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ከሆነ እሱም ሊበራ ይችላል፤ ስለዚህ ይህን ፈተና ባልታጠበ አዲስ ክር ላይ ብቻ ይመኑ።

ለፈታይ እንዴት ይታዘዛል?

የእጅ ፈትል ማግ ከፈለጉ የሚሻለው በቅዳሜ ገበያ ያገኙትን ማንሣት ሳይሆን ማዘዝ ነው። ከአሮጌው ነጠላ የተገኘውን ክር ጠንካራ ካርቶን ላይ ጠምጥመው ይያዙና ለፈታይዋ ያሳዩ። «እማማ፣ ይህን የሚመስል ማግ ይፈትሉልኛል?» ብሎ ናሙና መስጠት ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። እጅ የለመደች ፈታይ ክሩን በጣቶቿ ዳሰስ አድርጋ፣ ገመስ አድርጋ ፈትታ፣ ምን ዓይነት ጥጥ እንደሚፈልግ ትነግርዎታለች።

ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ይስማሙ። አንደኛ፣ ለአንድ ልብስ የሚሆነው ማግ ሁሉ በአንድ እጅ ይፈተል። የሁለት ሴቶች ፈትል ውፍረቱ ቢመሳሰል እንኳ አከራረሩ ይለያያል፤ ጨርቁ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ጥጡ በአንድ ጊዜ ይገዛ፤ የተለያየ ምርት ጥጥ በቀለምም በፀጉር ርዝመትም አይገጥምም። ሦስተኛ፣ ጊዜ ይስጡ። ለጥር ሠርግ የሚሆን ነጠላ በኅዳር አይታዘዝም።

ክሩ ሲመጣ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንድ ክንድ ያህል ክር በሁለት እጅ ወጥረው ይያዙና እጆችዎን ያቀራርቡ። ወዲያው በራሱ ላይ ከተጠመዘዘ ለማግ በዝቶ ከርሯል፤ ቀስ ብሎ ከተጠቀለለ ደህና ነው። ይህ ፈተና የሚሠራው በአዲስ ክር ላይ ነው፤ አሮጌው በእጥበት ብዛት ልማዱን ይዟልና አይጠመዘዝም። ቀጥሎ ቀስ አድርገው ይሳቡት። ፀጉሩ እየተንሸራተተ ከተለያየ አከራረሩ ላልቷል።

ከሸማኔውም ጋር ሙሉውን ልብስ ከመጀመር በፊት ስንዝር ያህል ናሙና እንዲሠራ ይስማሙ። ቀጭን ክር ሲታዘዝ የማግ መምቻው ጥርሶችም ጠበብ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ለወፍራም ክር የተሠራው ክሮቹን አራርቆ ጨርቁን ወንፊት ያደርገዋል። ናሙናውን አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደገና ይቁጠሩ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከአሮጌው ነጠላ ጋር መወዳደር ያለበት የታጠበው ናሙና ነው።

ስንት ክር ይበቃል? ስንትስ ይከፈልበታል?

አንድ ነጠላ ጎን ለጎን ከተሰፉ ሁለት ቁራጮች ተሠርቷል እንበል። እያንዳንዱ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20 ነው፤ በሴንቲ ሜትር 16 ድርና 14 ማግ አለው። የአንዱ ቁራጭ ድር 1,280 ክሮች ይሆናል። ከሽመናው የሚተርፈውን ጨምሮ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ60 ቢፈልግ ለሁለቱ ቁራጭ 6,650 ሜትር ያህል ድር ይገባል። ማጉ በአንዱ ቁራጭ 3,080 ጊዜ ያልፋል፤ በየጊዜው 85 ሴንቲ ሜትር ሲወስድ ለሁለቱ 5,230 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ነጠላ ላይ የምትሠራ ፈታይ ለማጉ ብቻ ከ5 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ክር በጣቶቿ ታወጣለች።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። ያ ማግ 20 ቁጥር ከሆነ 154 ግራም ያህል ይመዝናል። 40 ቁጥር ከሆነ ርዝመቱ ያው ሆኖ ክብደቱ 77 ግራም ብቻ ነው። ክር በሚዛን ስንገዛ፣ ወይም ልቃቂቱን በዓይናችን ገምተን «ትንሽ ነው» ስንል፣ ቀጭን የፈተለችውን የምንከፍላት ወፍራም ከፈተለችው በግማሽ ያነሰ ነው። ርዝመቱ ግን እኩል ነው። ከዚህም በላይ ቀጭኑ ቀስ ብሎ ይሳባል፣ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፣ የተሻለ ጥጥ ይጠይቃል።

ቀጭን ክር ከገበያ የጠፋበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አያቶቻችን ቀጭን የፈተሉት ለልጃቸው ሠርግ፣ ለባላቸው ኩታ፣ ለራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ነጠላ ነበር፤ ሰዓታቸውን ማንም አልመዘነውም። ፈትሉ ለገበያ ሲሆን ሚዛኑ ገባ፤ ሚዛን ደግሞ ወፍራም ክርን ይሸልማል። ሙያው አልጠፋም፤ ዋጋው ነው የተጣመመው።

ሌላው ዓለምም ይህን አይቶታል

የአሮጌ ዳንቴል አፍቃሪዎች በአውሮፓ ይህንኑ መንገድ ይሄዳሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፍላንደርስ የተሠራው እጅግ ረቂቅ ዳንቴል ክሩ የሚወጣው ከተልባ አገዳ ነበር። በላስታ ማሳ ላይ የምናውቀው፣ ለጾም የምንጠቀምበት ተልባ ራሱ ነው፤ እኛ ፍሬውን ወሰድን፣ እነሱ አገዳውንም ፈተሉት። ያን ያህል የቀጠነ የተልባ ክር ዛሬ ስለማይገኝ ያንን ዳንቴል መድገም የሚፈልጉ ባለሙያዎች ረጅም ፀጉር ባለው የግብፅ ጥጥ ይተኩታል።

የዳካ ሙስሊን ታሪክ ደግሞ ከኛ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በዛሬዋ ባንግላዴሽ በወንዝ ዳር፣ ጠዋትና ማታ እርጥበት ሲኖር ይፈተል የነበረው ይህ የጥጥ ጨርቅ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ጠፋ። ጨርቁን የሚገዛ ደንበኛ ሲጠፋ ፈታዮቹ ሥራውን ተዉ፤ ፉቲ ካርፓስ የተባለው የጥጥ ተክልም አብሮ ከማሳ ወጣ። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ተክሉን ለመለየት በለንደን ከተቀመጠ የደረቀ ቅጠል ጋር ማመሳከር ነበረባቸው። ፈታዮችን እንደገና አሠልጥነው 300 ቁጥር ክር ደረሱ። ልብሱ በሙዚየም ተጠብቆ ኖሯል፤ ተክሉና እጁ ግን አልተጠበቁም፤ መልሶ ማግኘቱ ለዓመታት ያደከመውም በዚህ ነው።

ቤት ውስጥ በኪሮሽ ዳንቴል ለሚሠሩም ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል። የዳንቴል ክር ቁጥርም እንደዚያው ሲጨምር ይቀጥናል፤ ከአሮጌው ጋር በማስመሪያ ተጠምጥሞ ይመሳከራል፤ ትንሽ ናሙና ሠርቶ ማጠብም ግድ ነው።

እኛ ከዳካ የምንሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ፈታዮቹ በሕይወት አሉ። በላስታ፣ በዋግ፣ በራያና በሌላውም አገር እንዝርት ያልጣሉ እናቶች አሉ። ስለዚህ አሮጌ ነጠላ ያለው ሁሉ ሦስት ነገር ያድርግ። ከዘርፉ የወደቀውን ክር ካርቶን ላይ ጠምጥሞ፣ የድርና የማጉን ቁጥር ጽፎ ከልብሱ ጋር ያስቀምጥ። አዲስ ሲያሠራ የሸማኔውን ብቻ ሳይሆን የፈታይዋንም ስም ይጠይቅ። ማጉን ሲገዛ ደግሞ በግራም ሳይሆን በሜትርና በቅጥነቱ ይክፈል። ቀጭን ክር የሚፈተለው ቀጭን መፍተል ሲያዋጣ ነው።